የሚካኤል ዕለት የተቀደደው አቡጀዲ

ስሚኝማ እህቴ፣ ይኼን ላንቺ ካልነገርኩ ሆዴ አያድርም። መሀል ላይ "ከዚያስ፣ ከዚያስ" እያልሽ አታቋርጪኝ፤ ሁሉንም በየተራው እነግርሻለሁ። ደግሞ ከአሁኑ ልወቅሽ፣ የሚያስቅ ነገር አለበት፣ ግን ደስ የሚል ወሬ አይደለም። ኢንስፔክተር ሸዋዬን ያናደዳት ነገር አንቺንም ካላናደደሽ እኔና አንቺ ተጣላን ማለት ነው።

ሸዋ ሮቢትን በግንቦት ታውቂያታለሽ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ከተማው ሙት ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ማንጎ ስር ይደረደራል፣ ውሻው ራሱ መጮህ ይታክተዋል። እንግዲህ በዚያ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው ጉዱ የተሠራው። ቅዳሜ፣ ግንቦት አስራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት።

ሸዋዬ ጣቢያው በረንዳ ላይ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር። የጣርማ በር ልጅ ናት፤ ብርድ ላይ ተወልዳ ጉም ለብሳ ያደገች። ሮቢት ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሙቀቱን ግን አንድም ቀን ይቅር ብላው አታውቅም። ዋና ሳጅን በቀለ፣ ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው፣ ከበሩ ብቅ አለ።

"እመቤቴ፣ እግርሽን አውጪው። የልጆቹን ሸራ ቀደዱት።"

"የምን ሸራ ነው ጋሽ በቀለ?"

"ፊልም የሚያሳዩበትን ነዋ። ኮምፒውተሩንም ወስደውታል አሉ።"

የከተማው ልጆችና የዙሪያው የቀወት ገበሬ ልጆች በስልካቸው የሠሩትን አጫጭር ፊልም ሜዳ ላይ የሚያሳዩበት ፌስቲቫል ነው። ሦስት ምሽት፤ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ትኬት የለ፣ አጥር የለ። ሰዉ በርጩማውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ቆሎውን እየቆረጠመ ያያል። ሸራ የሚሉት አቡጀዲ ነው፤ አስፋልቱ ዳር ፓፓያ የምትሸጠው እትዬ ጽጌ አንዱን ካንዱ በእጇ ሰፍታ ያገጣጠመችው። ዓርብ ማታ ሜዳው ጢም ብሎ ነበር። ሮቢት ውስጥ እንደዚያ አብሮ የሳቀ ሰው ከስንት ክፉ ዓመት ወዲህ አልታየም።

ሸዋዬ ስትደርስ አቡጀዲው በሁለት ባሕር ዛፍ ግንዶች መሀል እንደተዘለዘለ ሥጋ ተንጠልጥሏል። ቆጠረችው። ሰባት ቦታ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በስለት። ከጀርባው ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ቁልፏ በድንጋይ ተሰብሯል። ፕሮጀክተሩ ቦታው አለ፣ ድምፅ ማጉያው አለ። የሌለው ላፕቶፑ ብቻ ነው።

"ይኼስ ሞኝ ሌባ ነው" አለ በቀለ። "ደህናውን ትቶ አሮጌውን ተሸከመ።"

"ሌባ አይደለም" አለች ሸዋዬ። "ሌባ ሸራ ለመቅደድ ጊዜ የለውም።"

ሜዳው ዳር ነጭ ፒክአፕ ቆሟል። የአቶ ይልማ ነው፣ የሆቴሉ ባለቤት፣ የፌስቲቫሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ጄኔሬተሩን የሰጠው እሱ፣ ወንበር የሚያመላልሰው እሱ። ቦቲ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነክቶታል፤ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ መኪናው አፍንጫ ላይ ተደግፏል። መኪናዋ ራሷ አስቂኝ ናት፤ አንዱ የፊት መብራቷ በአሮጌነት ቢጫ ሆኖ ሞራ የጋረደው ዓይን ይመስላል፣ ሌላው ግን ጥርት ያለ ነው። አንድ ዓይኗን ብቻ የታከመች አሮጊት ትመስላለች ብላ አሰበችና ሸዋዬ ወዲያው ረሳችው።

"ምን ዓይነት አረመኔ ነው፣ ኢንስፔክተር?" አለ ይልማ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። "የልጆች ነገር እኮ ነው። እኔ ሽንኩርቴን አጠጥቼ ስመለስ ነው ያየሁት።"

"እይዘዋለሁ፣ አቶ ይልማ። እርስዎ አይጨነቁ።"

አየሽ፣ "እርስዎ አይጨነቁ" አለችው። ይኼን ያዢልኝ።

ፌቨን መሬት ላይ ተቀምጣ የአቡጀዲውን ቅዳጅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትዳብሰዋለች። የእትዬ ጽጌ ልጅ ናት፣ አስራ ስምንት ዓመቷ። ጥር ላይ የፌቨንን ወንድም፣ እዮኤልን፣ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በብስክሌት ፓፓያ ጭኖ ሲሄድ ድልድዩ ጋ መኪና ገጭቶት አመለጠ፤ ልጁም ሞተ። ፋይሉ የሸዋዬ ነበር። ከደብረ ሲና እስከ አጣዬ ያለውን ጋራዥ አንድ በአንድ ዞራለች። በእጇ የቀረው ጥፍር የምታህል የመስታወት ስባሪ ብቻ ነው። መሳቢያዋ ውስጥ ናት፤ እስክሪብቶ ልታወጣ እጇን በከተተች ቁጥር ትወጋታለች።

"የኔም ፊልም እዚያ ውስጥ ነበር፣ እትዬ" አለች ፌቨን ቀና ሳትል። "ነገ ማታ፣ መዝጊያው ላይ ነበር የሚታየው።"

"ሌላ ቦታ አላስቀመጥሽውም?"

"ስልኬ ይሞላል። ቀርጬ ወደ ላፕቶፑ አሳልፍና አጠፋዋለሁ፣ ካላጠፋሁ አይቀርጽልኝም።" ቅዳጁን አጠፈች። "እዮኤል ነበረበት። ሲስቅ። በአንድ እጁ ሲነዳ። እማዬ ነገ ልታየው ነበር። እኛ ቤት ያለው አንድ ፎቶ ነው፣ እሱም የክፍል። ዓይኑን ጨፍኗል።"

ከጎኗ ሐቢባ ተቀምጣለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው፣ አንዷን ስትጠሪ ሌላዋም አቤት ትላለች። ሸዋዬ ወደሷ ዞረች።

"አንቺስ ሐቢባ? ከፊልሙ የተረፈ አንድም ነገር የለም?"

ሐቢባ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "እሷ ታያለች፣ እኔ እሰማለሁ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምንሠራው" አለች።

ሸዋዬ የሐዘን ወሬ መሰላት። ትከሻዋን መታ መታ አድርጋት አለፈች።

"በዚህ ከተማ ሸራውን የሚጠላ ማነው?" አለች መንገድ ላይ።

"በአደባባይ የተናገሩት ጋሽ ተሰማ ብቻ ናቸው" አለ በቀለ። "ሐሙስ ዕለት ወፍጮ ቤቱ ፊት ቆመው 'በሚካኤል ያ ጨርቅ ከተሰቀለ በገዛ እጄ ነው የማወርደው' ብለዋል።"

ጋሽ ተሰማ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ቤታቸው ሲደርሱ ሃያ የሚሆን ሰው ዳቦና ጠላውን ከቦ ተቀምጧል። ሸዋዬ እዚያው ቆማ ጠየቀቻቸው፣ እሳቸውም እዚያው ተቀምጠው መለሱላት።

"አወርደዋለሁ ብያለሁ። እቀደዋለሁ የሚል ግን ከአፌ አልወጣም። ልጄ፣ ያ ሁሉ አቡጀዲ ስንት ሰው ይገነዛል? አጣዬ ስትቃጠል ጊዜ መግነዝ አጥተን ሰው በነጠላ የቀበርን ነን እኮ። እኔ አቡጀዲ እቀዳለሁ?"

"ቀትር ላይ የት ነበሩ?"

"እዚሁ። እነዚህን ጠይቂ።" ሃያው ራስ አንድ ላይ ተነቀነቀ። "ደግሞ በሚካኤል ስለት አልነካም። ዳቦውን እንኳን በእጃችን ነው የገመስነው። ማረሻ አይነሳም፣ ማጭድ አይነሳም። አባቶቻችን ያቆዩን ይኼን ነው። አሁን ዳቦ ቅመሺና ያንን ርጉም ፈልጊ።"

ዳቦውን ይዛ ወጣች። በሩ ላይ በቀለ "እሳቸው አይደሉም" አለ።

"ገባኝ።"

"የኔን ድርሻ ትሰጪኛለሽ?"

ሁለተኛው ሚኪያስ ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሰርግ ቀራጭ። ፊልሙን ኮሚቴው ጣለበትና ቲክቶክ ላይ ወጥቶ "የኔ ካልታየ የማንም አይታይም" እያለ ሲፎክር ሦስት ቀን ሆኖታል። መናኸሪያው ጋ ከሚኒባስ ሲወርድ ነው የያዙት፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ።

"ዛሬ ቀትር ላይ የት ነበርክ?"

"ካራቆሬ። ሰርግ ስቀርጽ።"

"አሳየኝ።"

አሳያት። ሙሽሪት አለች፣ ሚዜው አለ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው የግድግዳ ሰዓት ስምንት ተኩል ይላል። በቀለ አጎንብሶ አየና "አንተ የታለህ?" አለ።

"እኔማ ቀራጩ ነኝ።"

"እንግዲያው ወንድምህ ቀርጾት ይሆናላ።"

ሚኪያስ ፊቱ ቀላ። ወደፊት አሳልፎ ሌላ ቦታ ከፈተላቸው። ሚዜው ካሜራውን ነጥቆት ቀርጾታል፤ እዚያው ሰዓት ስር ሚኪያስ ንብ እንደወረረው ሰው እየተወራጨ ይጨፍራል።

"ይኼን ለማንም እንዳታሳዩብኝ" አለ።

"ፌስቲቫሉ ላይ ይኼን ብታስገባ አንደኛ ትወጣ ነበር" አለ በቀለ።

ሸዋዬ አልሳቀችም። "ሸራውን ቀደዱት፣ ላፕቶፑን ወሰዱት" አለችው። "የፌቨንም ፊልም ሄደ።"

ልጁ ካሜራውን ቀስ ብሎ አወረደ። "እዮኤል ያለበት? እሱን ብስክሌት ያስተማርኩት እኔ ነኝ" አለ። ቀጥሎ የተሳደበውን ስድብ አልነግርሽም፣ እናትሽ ቤት ውስጥ ናቸው። "ሸራውን ለመስፋት ሰው ካስፈለገ፣ እኔ መርፌ እይዛለሁ" ብሎ ሄደ።

ሸዋዬ ማታውን ፌቨን ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ንዴቱ ግን መቀመጥ አላስቻላትም። ላፕቶፑን ፈልጎ ሸራውን የቀደደ ሰው፣ ሸራውን የቀደደው ለማሳሳቻ ነው። "ፌስቲቫል የሚጠላ ሰው ነው" እንድንል። የፈራው አንድ ፊልም አለ ማለት ነው። ዓርብ የታየው ታይቷል። የቅዳሜዎቹን ባለቤቶች ጠየቀች፣ ሁሉም ስልካቸው ላይ ቅጂ አላቸው። የእሑዶቹም እንደዚያው። ቅጂ የሌለው የፌቨን ብቻ ነው።

"ንገሪኝ" አለቻት። "ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምስል በምስል።"

ፌቨን ዓይኗን ጨፈነች። "መጀመሪያ እዮኤል ብስክሌቱን ይወለውላል። ከዚያ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ነው። ይስቅብኛል። ከዚያ እማዬ ፓፓያ በአውቶቡስ መስኮት ስታቀብል። መጨረሻው ቦዩ ነው፣ የመስኖው። ጎህ ሲቀድ። ውሃው ቀልቶ። ራቅ ብሎ አንድ ሰውዬ ሽርጥ ታጥቆ፣ ፎጣ ተከናንቦ ነጭ መኪና ያጥባል። አምሮብኝ ነበር ያ ምስል። እሱን ቀርጬ ቤት ስገባ ነው ለቅሶ የጠበቀኝ።"

ሸዋዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ያን ዕለት ጠዋት?"

"ያን ዕለት። ሰውየው መኪና ያጥባል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል ብዬ ላስብ? እዚያ ሁሉም ሰው ያጥባል።"

"አወቅሽው?"

"ጀርባውን ነው የሰጠኝ። በስልኬ ላይ ጉንዳን ነው የሚያክለው።"

"በሸራው ላይ ቢሆንስ?"

ፌቨን ዓይኗን ከፈተች። "በሸራው ላይ ሰው ያክላል፣ እትዬ።"

"ድምፁስ?"

"የዚያን ቀን ድምፅ መስማት አልቻልኩም። ክራር ጫንንበት።"

"ማን ማን ነው ያየው?"

"ኮሚቴው። ሦስቱ፣ ዓርብ ከሰዓት። ጋሼ ይልማ እንባው መጣ። እጄን ይዞ 'ወንድምሽን አኖርሽው' አለኝ።"

ሦስት ሰው። ሁለቱ አስተማሪዎች ናቸው፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ደብረ ብርሃን ስብሰባ ላይ ውለው በመጨረሻው መኪና ነው የገቡት፣ ሾፌሩም ምስክር ነው። የቀረው ይልማ ነው። ሸዋዬ ስሙን በልቧ ስታነሳው አፈረች። የእዮኤልን የለቅሶ ድንኳን የተከለው ሰው እኮ ነው። ሬሳውን የተሸከመ። እሷ ራሷ በቀብሩ ዕለት በሱ ፒክአፕ ተሳፍራ ነው ቤተ ክርስቲያን የደረሰችው።

በቀለ የመስኖ ማኅበሩን ግድግዳ አይቶ መጣ። "ይልማ ንጹሕ ነው። የውሃ ተራ ሰሌዳው ላይ በቀለም ተጽፏል፦ ቅዳሜ፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ፣ ይልማ። ጭቃውንም እኔና አንቺ ጫማው ላይ አይተናል።"

"በሚካኤል ያጠጣል?"

"ውሃ ተራ በዓል ይጠብቃል እንዴ? ካለፈህ አለፈህ ነው። እኔ የከተማ ሰው ነኝ፣ ግን ይኼን ይኼን አላጣውም።"

አላጣውም አለ። አጥቶታል። እሷም አጥታዋለች፤ ጣርማ በር ላይ ውሃ ከሰማይ ነው የሚመጣው፣ ማን ተራ ይዞ ያውቃል?

እሑድ ጠዋት ሸዋዬ ፌቨን ቆማ የቀረጸችበት ቦታ ሄዳ ቆመች። እንቅልፍ አልነካትም። ቦዩ ዳር አባባ አሊዩ አካፋቸውን ተደግፈው ውሃውን ያያሉ። የውሃ አባት ናቸው፤ ተራ የሚያስከብሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቦዩን የሚከፍቱና የሚዘጉ።

"እንደምን አደሩ አባባ። ትናንት ቀትር ይልማን እዚህ አይተውታል?"

"አልሐምዱሊላህ። ይልማን?" ሽማግሌው ጥርስ በሌለው ድዳቸው ፈገግ አሉ። "እሱ መሬት አለው እንጂ አካፋ የለውም። የሚያርስለት ሌላ ነው።"

"ተራው ነበር እኮ። ሰሌዳው ላይ አለ።"

"ሰሌዳው ለሚጎበኝ እንግዳ ነው ልጄ። ትናንት ሚካኤል አልነበር?"

"ነበር።"

"በሚካኤል ክርስቲያኑ ቦይ አይነካም። ተራው ለኛ ይዞራል። እኛ ደግሞ ጁምዓ ስንሄድ የኛው ለነሱ ይዞራል። ከአያቶቻችን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ማን ይጽፈዋል? ሁሉም ያውቀዋል። ትናንት በይልማ ተራ ያጠጣው ኸይረዲን ነው፣ ቦዩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም። ወላሂ፣ ይልማ በጥላው እንኳን አላለፈም።"

"ይኼን ይልማ አያውቅም?"

"መሬቱ ላይ የሚውል ሕፃን ያውቀዋል። እሱ መሬቱን የሚያውቃት ሽንኩርቱ ሲጫን ነው።"

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው የሸዋዬ ደም ሽቅብ የወጣው። ቢጫው መብራትና ጥርት ያለው መብራት ፊቷ ላይ መጡ። መሳቢያዋ ውስጥ ያለችው ስባሪ የፊት መብራት ስባሪ ናት። በቀብሩ ዕለት አጠገቧ ተቀምጦ መሪውን ይዞ "ምን ዓይነት አረመኔ ነው" ያላት ቃልም ትዝ አላት። ትናንትም ያንኑ ቃል ነው ያላት። ሰውየው ቃል እንኳን አልቀየረም። ጫማው ላይ ያየችው ጭቃም ለማታለል የተቀባ ነው።

ይልማ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁርሱን እየበላ ነበር። በቀለ ወደ ጓሮ ዞረ።

"ቁጭ በይ ኢንስፔክተር። ሻይ?"

"ትናንት ቀትር የት ነበሩ፣ አቶ ይልማ?"

"ነገርኩሽ እኮ። ሽንኩርቴን ሳጠጣ።"

"ቦዩን ማን ከፈተልዎት?"

"እኔው ነኛ። ተራዬ ነው።"

"በሚካኤል።"

ፈገግ አለ። "ሚካኤል ይቅር ይለኛል። ውሃ በዓል አያውቅም።"

"ውሃው ያውቃል" አለች ሸዋዬ። "የማታውቀው አንተ ነህ።"

አንተ አለችው። አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች ቀረች። ሮቢት ውስጥ ይልማን አንተ የሚለው ሰው እናቱ ነበሩ፣ እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል።

በቀለ ከጓሮ ተመለሰ፣ ኩሽናው ጀርባ ካለው የቆሻሻ ጉድጓድ የጎረጎረውን በጆንያ ይዞ። የቀለጠ ፕላስቲክ፣ ግማሽ የፊደል ሰሌዳ፣ አመድ። ጠረጴዛው ላይ፣ ቁርሱ አጠገብ አስቀመጠው።

ይልማ አየው። እጁን በሶፍት ጠረገ፣ አልቸኮለም።

"እሺ። ላፕቶፑን እኔ ነኝ። ሸራውንም። ንዴት ነው፣ አዲስ እገዛላቸዋለሁ። ይኼን ያህል ነው ጥፋቴ።"

"እዮኤልስ? የመኪናህስ አዲሱ መብራት?"

"የቱ እዮኤል?"

ሸዋዬ ጠረጴዛውን ያዘችው፣ ካልያዘችው እጇ ሌላ ቦታ ያርፍ ነበር።

"ምስል አለሽ?" አለ ይልማ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ያየ ሰው አለሽ? የኔ መብራት ከተለወጠ የዚህ ሁሉ ሾፌር መብራት ተለውጧል። በዚህ አስፋልት ላይ አህያ የማይገጭ ማነው? አመድ ይዘሽ ነው የመጣሽው፣ ልጄ።"

በካቴና ወሰዱት፣ ግን የወሰዱት ለአቡጀዲና ለላፕቶፕ ነው። ለአቡጀዲና ለላፕቶፕ ስንት ይፈረድበታል? ሸዋዬ ጣቢያ ገብታ መሳቢያዋን ሳበች። ስባሪዋ ወጋቻት። ምስሉ አመድ ሆኗል። ያየ የለም። ያየ የለም፣ ያየ የለም ብላ እያጉረመረመች ጣቷን ስትመጥ፣ ድንገት ቆመች። ያየ የለም። የሰማስ?

ጫማዋን እንኳን በደንብ ሳታደርግ ነው የሮጠችው።

እትዬ ጽጌ ቤት አቡጀዲው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል። እትዬ ጽጌ በአንድ በኩል፣ ፌቨንና ሐቢባ በሌላው፣ ሚኪያስም እንደፎከረው ጥጉ ላይ ምላሱን አውጥቶ ይሰፋል፣ ጠማማ ጠማማውን።

"ሐቢባ" አለች ሸዋዬ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ፌቨን ስትቀርጽ አንቺ ምንድነው የምታደርጊው?"

"ድምፅ እቀዳለሁ። የሷ ስልክ ከሩቅ አይሰማም። የኔን በሻሽ ጠቅልዬ ነፋስ እንዳይገባው ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋለሁ።"

"ያን ዕለት ጠዋት፣ ቦዩ ጋስ?"

"ሰውየው ሳይመጣ በፊት ውሃው ዳር አስቀምጬው ወደ ፌቨን ተመለስኩ።" ሐቢባ ፌቨንን አየቻት። "አለ። እንደሌሎቹ ሁሉ አላጠፋሁትም። ግን ከፍቼው አላውቅም፣ እሷም አትችልም። ምስል ከሌለ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።"

"ክፈቺው።"

መጀመሪያ ውሃ ነው። ወፍ። የባልዲ ድምፅ። ከዚያ ሰውየው ስልክ ያናግራል፣ ከድንጋዩ አጠገብ፣ ጆሮሽ ስር የሚያወራ ይመስል።

"…አህያ ነው ብዬሃለሁ፣ ለጠየቀህ ሁሉ አህያ በል። ይልማ አህያ ገጨ በቃ። መብራቱን በመጀመሪያው መኪና ላክልኝ፣ የቀኙን። … የለም፣ ማንም አላየም። … ምን አውቃለሁ፣ ትቼው ስነሳ ያቃስት ነበር።"

ያቃስት ነበር። ሐኪሙ ጥር ላይ ለሸዋዬ "ቶሎ ቢደርስ ኖሮ" ብሏት ነበር፣ እሷ ግን ለእትዬ ጽጌ አልነገረችም። አሁን ሰማች።

እትዬ ጽጌ አላለቀሰችም። መርፌዋን አቡጀዲው ላይ ሰካችና "ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው" አለች። ቀጥላም "ከሠልስት በኋላ ልብስህን አምጣ ልጠብልህ አልኩት፣ አፈር ነክቶት ስለነበር" አለች። ከዚያ መርፌዋን ነቅላ መስፋቷን ቀጠለች። ሚኪያስ ወደ በሩ ሲነሳ ሸዋዬ ክንዱን ያዘችው።

"ቁጭ በል። እሱን ለኔ ተወው፣ አንተ ስፋ።"

ጣቢያ ተመልሳ ይልማን አላናገረችውም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከፈተችለት። የራሱን ድምፅ እስከ መጨረሻው ሰማ። በቀለ፣ ያ ቀልደኛ፣ ወንበሩን ከሱ ራቅ አድርጎ ተቀመጠና ወረቀቱን ሳበ።

"ስም" አለ። "ሙሉ ስም። በል ተናገር አንተ።"

እሑድ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሸራው ተሰቀለ። ሰባት ጠባሳ አለበት፣ አንዱ የሚኪያስ ነው፣ ከሩቅ ይታወቃል። ጄኔሬተሩ የይልማ ስለሆነ ማንም አልነካውም፤ ጋሽ ተሰማ የማኅበሩን አስመጡ፣ ራሳቸው ቁጭ ብለው እያጉረመረሙ ጠበቁት። ሕዝቡ ከዓርቡ እጥፍ ነው። ወሬው ደርሷል። ማንም አይስቅም፣ ቆሎ የሚቆረጥምም የለም።

የፌቨን ተራ ሲደርስ ሸራው ላይ ነጭ ብርሃን ብቻ ወደቀ። ምስል የለም። ከዚያ የብስክሌት ደወል መጣ። ሰንሰለቱ ሲንቀጫቀጭ። ከዚያ እዮኤል፦ "ፌቪ፣ ባክሽ ተይኝ፣ ስልክሽን ትጥይዋለሽ" እያለ ሲስቅ። ያ ሁሉ ሰው ባዶ ነጭ ጨርቅ ላይ አፍጥጦ አንድ ልጅ ሲስቅ ይሰማል። እትዬ ጽጌ ከፊት ተቀምጣለች፣ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ልክ እንደ እዮኤል ፎቶ።

ሸዋዬ ከኋላ ቆማለች። ንዴቷ አልበረደላትም፤ ግማሹ በይልማ ነው፣ ግማሹ በራሷ። አንድ ሙሉ ቀን። መልሱ በመጀመሪያው ሰዓት ጆሮዋ ስር ተነግሯት ነበር፣ እሷ ትከሻ መታ መታ አድርጋ አለፈች። ድምፅ ማጉያው ጋ ወደቆመችው ሐቢባ ተጠጋች።

"ትናንት ከፊልሙ የተረፈ ነገር የለም ወይ ብዬሽ ነበር። ምን ነበር የመለስሽልኝ?"

ሐቢባ ከድምፅ ማጉያው ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ያለቻትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ፦

"እሷ ታያለች፣ እኔ እሰማለሁ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምንሠራው።"